ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «የልጄ አንገት ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ወጌሻም አይቷታል»

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የመጀመሪያ ልጄ ሦስት ወር ከሦስት ሳምንቷ ነው። በመቀመጫዋ ስለመጣች በኦፕራሲዮን ነው የወለድኳት። ሃያ ቀን ሲሆናት አንገቷ ላይ በቀኝ በኩል የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጠር ያለ እብጠት ዳበስኩ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ያዘነብላል፤ ፊቷ ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። ግራ ጡቴንም እምቢ ትላለች። እናቴ ‹ጅማቷ ዞሮ ነው› ብላ ወጌሻ ጋ ሁለት ጊዜ ወሰድናት። በቅቤ አሽቶ አንገቷን ጠመዘዘው፤ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች። ጎረቤቴ ደግሞ ቮልታረን ቀቢያት ብላኝ አንድ ሳምንት ቀባኋት። ክርስትናዋ ላይ ፎቶ አንሺው ‹አንገቷን ቀና አድርጉልኝ› እያለ ሲያስቸግር ሰው ሁሉ አየ። ያን ቀን ሳለቅስ አደርኩ። አሁን የሦስት ወር ተኩሉን ክትባት ላስከትብ ስሄድ ነርሷ አይታ ፊዚዮቴራፒ ትሂድ አለችኝ። ፊዚዮቴራፒ ስትሮክ ለመታው ሰው አይደለም እንዴ? ለሕፃን አንገት አደጋ የለውም? እብጠቱስ ሌላ ነገር ቢሆን?» — ከአዳማ

መልስ

ከመጨረሻዋ መስመር ልነሳ። ደብዳቤዎን ያጻፈዎት ፊዚዮቴራፒው አይመስለኝም። «ሌላ ነገር» ብለው ቃሉን ሳይጠሩ አልፈውታል። እኔ ልጥራው፤ ካንሰር ማለትዎ ነው። እናት ልጇ አንገት ላይ ጠጣር ነገር ዳብሳ ሌላ ምን ታስብ?

የነገሩኝ ታሪክ የካንሰር ታሪክ አይደለም። በመጀመሪያው ወር ብቅ ያለ እብጠት፣ እብጠቱ ወዳለበት ጎን ያዘነበለ ጭንቅላት፣ ወደ ሌላው ጎን የዞረ ፊት። እንዲህ ዓይነት ልጅ ገና በር ላይ ታቅፈው ሲያስገቧት እናውቃታለን። ቶርቲኮሊስ ይባላል። በአማርኛ ብናወራው አንድ የአንገት ጡንቻ አጥሯል፣ ተወጥሯል ማለት ነው።

የትኛው ጡንቻ እንደሆነ ራስዎ ላይ ይዩት። መስታወት ፊት ቁሙና ፊትዎን ወደ ግራ ያዙሩ። በቀኝ በኩል ከጆሮዎ ኋላ ተነስቶ ደረትዎ አናት ላይ የሚያርፍ እንደ ገመድ ያለ ነገር ይወጣል። እሱ ነው። ሥራው ፊትን ወደ ግራ ማዞር፣ ጭንቅላትን ወደ ቀኝ ማዘንበል ነው። ሲያጥር እዚያው እንደያዘ ይቀራል። ልጅዎ ላይ የሚያዩት ይኸው ነው። እብጠቱም ባዕድ ነገር ሳይሆን የዚሁ ጡንቻ የጠጠረ ክፍል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይወጣል፣ ትንሽ ያድጋል፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይሟሟል። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ወር ባለው ውስጥ አይዳበስም። መርፌ አይፈልግም፣ ቀዶም አይፈልግም። ልብዎ እንዲያርፍ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ ይታይልዎት።

ሌላም ያልጻፉት ጥያቄ አለ፤ «እኔ ምን አድርጌ ነው?» የሚለው። ምንም። በግራ አስተኛኋት፣ በቀኝ ታቀፍኳት፣ ብርድ መታት እያሉ ሌሊት የሚቆጥሩትን ይተዉት። የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ በመቀመጫዋ ተቀምጣ ነበር። ማህፀን ውስጥ ጠቧት አንገቷን አዘንብላ የከረመች ልጅ ናት። እርስዎ ከማየትዎ በፊት የተጀመረ ነገር ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ትንሽ ልቆጣ።

እብጠቱን የዳበሱት በሃያ ቀኗ ነው። ለ45 ቀኑ ክትባት ሄዳለች። ለሁለት ወር ተኩሉም ሄዳለች። ሁለቱንም ጊዜ ጤና ባለሙያ ፊት ተቀምጣ፣ ጭኗን ተወግታ፣ ካርዷ ተሞልቶ ወጥታለች። አንድ ቃል አልተናገሩም። ምናልባት ወረፋው ረዝሞ፣ ምናልባት ይሉኝታ ይዞዎት ይሆናል። ዝምታው ግን ዋጋ አለው። ሕክምናው 1 ወር ሳይሞላቸው ከተጀመረላቸው ሕፃናት 98 በመቶው በ1 ወር ተኩል ገደማ አንገታቸው እንደ ልብ ይዞራል። ከ1 ወር በኋላ ሲጀመር ወደ 6 ወር ይጠጋል። ከ6 ወር በኋላ ሲጀመር 9 እና 10 ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ያውም ሁሉም አይሳካለትም። ልጅዎ አራት ወሯን ልትይዝ ነው። አልረፈደም፤ ግን ለሌላ ዙር ወጌሻ የሚሆን ጊዜ የለም።

ወደ ወጌሻው መጣን። ይታገሱኝ፣ ይረዝማል።

ወጌሻ የምንቅ ሰው አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ ከበቅሎ ወድቄ ክንዴን ያሰረልኝ ወጌሻ ነው። አዋቂ ሰው እግሩ ወለም ሲለው እጃቸው የሚያስታግስ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የልጅዎ አንገት ግን ወለምታ አይደለም። «ጅማቷ ዞሯል» የሚባለውም ነገር የለም። አልዞረም። ከቦታው የለቀቀ ነገር ስለሌለ ወደ ቦታው የሚመለስም ነገር የለም። ያለው ያጠረ ጡንቻ ነው። ያጠረ ጡንቻ የሚላላው በየቀኑ፣ በቀስታ፣ ሳያም ሲሳብ ነው። በአንድ ጊዜ በኃይል ከጠመዘዙት ይደማል፣ ሊቀደድም ይችላል።

ያች አንገት ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ያስቡ። መተንፈሻዋ አለ። ወደ አንጎሏ ደም የሚወስዱት ሥሮች አሉ። ሕብለ ሰረሰሯ አለ። በዚያ ላይ የሦስት ወር ልጅ ጭንቅላት ከሰውነቷ ሲተያይ ከባድ ነው፤ አንገቷ ገና አልጠናም። «ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አለቀሰች» ብለው ጻፉልኝ። ይህችን መስመር ሦስቴ አነበብኳት። የማትናገር ልጅ «በቃኝ» የምትለው በዚህ ነው እኮ! ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ መልሰው ወሰዷት።

«ግን ዶክተር፣ ከታሸች በኋላ ሁለት ቀን ቀና ብላ ነበር» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ውሸት ነው አልልም። አልቅሳ አልቅሳ የደከመች ልጅ ሰውነቷ ይላላል፤ አንገቷም አብሮ ይላላል። ስትበረታ ይመለሳል። ከዚያ የባሰው የእብጠቱ ነገር ነው። ብዬዎታለሁ፣ እብጠቱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። አምስተኛ ወሯ ላይ ሲጠፋ ምስጋናው ለማን ይሄዳል? ለቅቤውና ለወጌሻው። ቤተሰቡ «ዳነች» ብሎ ይቀመጣል። እብጠቱ ጠፍቶ ግን ጡንቻው አጥሮ ሊቀር ይችላል። ይህን ነው ሰው የማያውቀው።

አንድ አባት የአምስት ዓመት ልጁን ይዞልኝ መጣ። ልጁን ትምህርት ቤት ጓደኞቹ «ዘንበል» የሚል ስም አውጥተውለታል። ጭንቅላቱ ግራ ትከሻው ላይ ተኝቷል፤ በዚያ በኩል ያለው ዓይኑ ከሌላው ዝቅ ብሏል፣ ጉንጩም ጠፍጠፍ ብሏል። ለሦስት ወጌሻ ታይቷል። አንዱ በትኩስ ቅጠል ተኩሶት ኖሮ አንገቱ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። አባትየው «ሕፃን እያለ እብጠት ነበረው፣ ወጌሻው አጠፋልን» አለኝ። በኩራት ነው የነገረኝ። ያ ልጅ ኦፕራሲዮን ሆነ። በሁለተኛ ወሩ ቢመጣ ኖሮ ፍራሽ ላይ ተንከባሎ፣ አሻንጉሊት አይቶ የሚያልፍ ነገር ነበር።

እናትዎን ግን እንዳይቆጧቸው። እሳቸው ያዩትንና የሰሙትን ነው ያደረጉት። ይልቅ ፊዚዮቴራፒው ጋ አብረዋችሁ ይሂዱ። አያት በዓይኗ ካላየች አታምንም፤ ካየች ደግሞ ከእርስዎ በላይ ታሠራታለች።

ቮልታረኑን በአጭሩ ልጨርሰው፤ ካረዘምኩት ስለምናደድ። የአዋቂ የሕመም ማስታገሻ ቅባት ነው። የሕፃን ቆዳ ስስ ነው፣ የተቀባው ነገር ወደ ደም ይዘልቃል። መድኃኒቱ ደግሞ ጨጓራና ኩላሊት የሚነካ ዓይነት ነው። በዚያ ላይ አንገቷን የነካ እጇ የት እንደሚገባ ያውቃሉ። ካቆሙት፣ በደንብ ከጠባች፣ ሽንቷም እንደወትሮው ከሆነ አይጨነቁ፤ ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ግን አይደብቁ። ጎረቤትዎንም አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፤ ለራሷ ልጅ ትቀባው ነበር?

አሁን ፊዚዮቴራፒው። ስትሮክ ለመታው ሰው ነው ያሉት ሐሰት አይደለም፤ ብዙዎቻችን ያየነው እዚያ ነው። የሕፃን ፊዚዮቴራፒ ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ የለውም፣ ማሽን የለውም፣ አንገት ማንቋቋት የለውም። ባለሙያዋ ፍራሽ ላይ ታስተኛታለች፣ አንገቷ ወዴት ምን ያህል እንደሚዞር ትለካለች፣ በሚንኮሻኮሽ ነገር ታጫውታታለች፣ ቀስ አድርጋ ትስባታለች። ከክፍለ ጊዜው ግማሹ የሚያልቀው እርስዎን በማስተማር ነው። እውነተኛው ሕክምና በሳምንት አንዴ እዚያ የሚሠራው አይደለም፤ ቤት ውስጥ በቀን ደጋግመው የሚያደርጉት ነው። ነርሷ ትክክል ናት። እንዲያውም አመስግኑልኝ።

ልጅዎ ላይ የሚሠራው እንዲህ ነው። ባለሙያዋ እጅዎን ይዛ ሳታሳይዎት ግን እንዳይጀምሩ። ዳይፐር ሊቀይሩ በጀርባዋ ሲያስተኟት፣ ትከሻዎቿ ከፍራሹ እንዳይነሱ ይዘው ፊቷን በቀስታ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ያዞሩታል። ወደምትጠላው ጎን ማለት ነው። እስከሚሄድልዎት ሄደው ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ያቆዩታል። ሁለተኛው፣ ቀኝ ትከሻዋን ዝቅ አድርገው ይዘው ግራ ጆሮዋን ወደ ግራ ትከሻዋ ያስጠጋሉ። ዘፈን ይዝፈኑላት፣ እሹሩሩ ይበሏት። ብታጉረመርም ችግር የለውም። አምርራ ካለቀሰች፣ ከታገለችዎት፣ የፊቷ ቀለም ከተለወጠ ወዲያው ይልቀቁ። ከእሷ ጋር ትግል አይግጠሙ። ከወጌሻው የሚለየን ይኸው ነው።

የቀረው የቤት ውስጥ ብልጠት ነው።

ግራ ጡትዎን እምቢ ያለችው ወተቱ ጣዕሙ ተለውጦ አይደለም። እዚያ በኩል ስትታቀፍ ለመጥባት ፊቷን ወደ ቀኝ ማዞር አለባት፤ አንገቷ አይሄድላትም። ገላዋን በሙሉ ወደ እርስዎ አዙረው፣ ሆዷን ከሆድዎ አጋጥመው ይሞክሩ። ካስቸገረች ብብትዎ ሥር ሸጉጠው ያጥቧት፤ ፊቷ ያኔ በሚመቻት በኩል ይመጣል። ለሕክምና ተብሎ ልጅ አይራብም። ጡንቻዋ ሲላላ ግራውም ይመለሳል።

ማታ ከየትኛው ጎኗ ነው የሚተኙት? ሕፃን ወደ ሰውና ወደ ብርሃን ነው የሚያየው። ልጅዎ ወደ ግራ ታያለች፤ ግድግዳው በግራዋ ይሁን። እርስዎ፣ መስኮቱ፣ የቤቱ ጨዋታ ሁሉ በቀኟ ይሁን። እናትዎ ቡና ሲያፈሉ ረከቦቱ ከልጅቷ በስተቀኝ ይቀመጥ፤ ከእሳት ግን ራቅ አድርጓት። የስኒውን ድምፅ ሰምታ አንገቷን ስታዞር ያያሉ። በራሷ ፈቃድ የምታዞራት አንዲት ዙር እኛ ከምናዞራት አሥር ትበልጣለች።

በሆዷ ማስተኛቱን አያቶች አይወዱትም፤ «ይጨንቃታል» ይላሉ። ነቅታ፣ እርስዎ አጠገቧ እያሉ ነው የምንለው። እርስዎ ጋደም ብለው ደረትዎ ላይ ያድርጓት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ በቀን ብዙ ጊዜ እየጨመሩ። ፊትዎን ለማየት ጭንቅላቷን ታነሳለች፤ አንገቷ የሚጠነክረው እዚያ ላይ ነው። ለእንቅልፍ ግን ሁልጊዜ በጀርባዋ። በዚህ ድርድር የለም፤ በሆድ መተኛት ለድንገተኛ የሕፃናት ሞት ያጋልጣል። አንገቷን ለማቅናት ብለው ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ ጭንቅላቷ ሥር እንዳይሸጉጡ። ጭንቅላቷ በአንድ በኩል ጠፍጥፎ ካዩትም በእጅ እየተጫኑ አያስተካክሉት። አንገቷ ሲዞር፣ በዚያ በኩል መተኛት ስታቆም እየተሻለው ይሄዳል።

ማዘልን በተመለከተ፣ አንገቷ እስኪጠና ፊት ለፊት ቢታቀፏት እመርጣለሁ። ካዘሏትም ጉንጯ ጀርባዎ ላይ ሲያርፍ ፊቷ ወደ ቀኟ እንዲሆን አድርገው ነጠላውን ይሰሩት።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ይያዙልኝ፤ ዳሌዋን። አንገታቸው እንዲህ የሆነ ሕፃናት አንዳንዶቹ የዳሌ መገጣጠሚያቸውም በቅጡ አልተቀመጠም። በመቀመጫዋ የመጣች ልጅ ደግሞ በራሷ ለዳሌ ምርመራ በቂ ምክንያት አላት። የእርስዎ ልጅ ሁለቱንም ይዛለች። በዚህ ዕድሜዋ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ከ4 እስከ 6 ወር ካለፈ በኋላ ወደ ራጅ ይኬዳል። ያላወቁት ዳሌ መሄድ ስትጀምር በማንከስ ነው የሚታወቀው። እስከዚያው እግሯን አጋጥመው፣ ቀጥ አድርገው በጨርቅ አይጠቅልሏት። እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሱ።

የት ልሂድ ካሉ፣ መጀመሪያ አዳማ ያለ የሕፃናት ሐኪም ይያት፤ አልትራሳውንዶቹንም እሱ ይዘዛል። ፊዚዮቴራፒስት እዚያው ካላገኙ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ አለ፤ የሕፃናት አጥንት ሕክምና ላይ የሚሠራው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታልም አለ። ሰሜን ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍል እንዳለው አትርሱ። ቀጠሮ ራቅ ቢል ተስፋ አይቁረጡ፤ አንድ ጊዜ በደንብ ከተማሩ ብዙውን ሥራ ቤትዎ ይሠሩታል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚሮጡባቸው ነገሮች አሉ። ትኩሳት ይዟት አንገቷ ከገተረ፣ ደጋግማ ካስመለሳት፣ እጇን በአንድ በኩል ካላንቀሳቀሰች፣ ዓይኗ ሰው ካልተከተለ፣ ወይም እብጠቱ እየሟሸሸ እንደመሄድ በየሳምንቱ እየገፋ ከመጣ። ከነዚህ አንዱም ደብዳቤዎ ውስጥ የለም። ሌላው አንባቢ ደግሞ፣ ደህና የነበረ ልጅዎ በድንገት አንድ ቀን አንገቱ ከዘነበለ ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ አይደለም፤ ያኔውኑ ይውሰዱት።

ኦፕራሲዮኑን ይፈሩ ይሆናል። የሚደርሱበት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚታሰበውም ወራት ሙሉ በትክክል ተሠርቶ ዓመቷ አልፎም አንገቷ እምቢ ካለ ነው። ልጅዎ ገና የመጀመሪያዋን ክፍለ ጊዜ አላየችም።

ያንን የክርስትና ፎቶ ደግሞ ቀደው እንዳይጥሉት። ይዘውት ይሂዱና ለፊዚዮቴራፒስቷ ያሳዩአት። ከዚያ በየወሩ በጀርባዋ አስተኝተው፣ ከላይ ሆነው፣ በዚያው ቦታና በዚያው ብርሃን ሌላ ያንሷት። በየቀኑ የሚያይ ዓይን ለውጥ አይታየውም። ስድስት ወሯ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ይላኩልኝ።